ዓመቱ ሊያልቅ ሲል በስክሪን የተካሄደ ድርድር፦ የምሥራቅ ፓስፊክ ቱና ኮሚሽን በ2020

መነሻ

ይህ ጽሑፍ በ2020 የመጨረሻ ሳምንታት በምሥራቅ ፓስፊክ የቱና አጠባበቅ ላይ የደረሰውን አንድ ጉዳይ ይመዘግባል። ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ልዑካንን በስም አልጠራም፤ የተቃወመና የደገፈ አባልም አልለይም። የሚያስተምረው ማን እምቢ አለ የሚለው አይደለም። ስብሰባው ከአዳራሽ ወደ ስክሪን ሲዛወር የደንቡ ስፌት የት የት ላይ እንደላላ ማየቱ ይበልጣል።

ስለ ኢንተርኔት ድምፅ አሰጣጥ የሚነሳው ክርክር ብዙውን ጊዜ ወደ ቴክኖሎጂው ያዘነብላል፤ የይለፍ ቃል፣ ምስጠራ፣ የመረጃ መረብ ጥቃት። እነዚህ እውነተኛ ሥጋቶች ናቸው። በዚህ ጉዳይ ግን ውሳኔውን ገደል አፋፍ ላይ ያደረሰው ሌላ ነገር ነበር።

ዳራ

የምሥራቅ ፓስፊክን ቱና የሚያስተዳድረው የኢንተር አሜሪካ ሞቃታማ ቱና ኮሚሽን በ1949 በዩናይትድ ስቴትስና በኮስታ ሪካ ስምምነት የተቋቋመ፣ ጽሕፈት ቤቱ በካሊፎርኒያ ላ ሆያ የሚገኝ አካል ነው። አሁን የሚመራበት ሰነድ በ2003 የጸደቀውና ከኦገስት 2010 ጀምሮ የጸናው የአንቲጓ ኮንቬንሽን ነው። አባላቱ 21 ናቸው። ከካናዳ እስከ ፔሩ የተዘረጉ የአሜሪካ አገሮች፣ ከውቅያኖሱ ማዶ ጃፓን፣ ቻይናና ኮሪያ፣ ከደሴቶቹ ኪሪባቲና ቫኑዋቱ፣ እንዲሁም የአውሮፓ ኅብረት ይገኙበታል።

ኮሚሽኑ በ2017 ውሳኔ ሲ-17-02 የሚባለውን አጸደቀ። ውሳኔው ለ2018፣ ለ2019 እና ለ2020 ብቻ የሚሠራ ነበር። ዋናው ነገሩ የእገዳ ጊዜ ነው። ከ182 ቶን በላይ የመጫን አቅም ያላቸው፣ በከበባ መረብ የሚያጠምዱ መርከቦች በየዓመቱ ለ72 ቀናት ሥራ ያቆማሉ። ከሁለት ጊዜያት አንዱን ይመርጣሉ፦ አንደኛው ከጁላይ 29 እስከ ኦክቶበር 8፣ ሁለተኛው ከኖቬምበር 9 እስከ ቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ 19። በተጨማሪ ከጋላፓጎስ ደሴቶች በስተ ምዕራብ ያለው ኮራሊቶ የተባለ የባሕር ክፍል ለአንድ ወር ይዘጋል። ዓሣ ለመሰብሰብ ባሕር ላይ የሚለቀቁት ተንሳፋፊ መሣሪያዎችም ቁጥር ተገድቧል፤ ትልቁ የመርከብ ምድብ በአንድ ጊዜ ከ450 በላይ ሊያሠራ አይችልም።

የሁለተኛው እገዳ ማብቂያ ጃንዋሪ 19 መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ችግሩ

ዓመታዊው ስብሰባ በመደበኛው ጊዜ በዓመቱ አጋማሽ አካባቢ ይካሄዳል። ያን ጊዜ መግባባት ቢጠፋ እንኳ ለሁለተኛ ሙከራ ወራት ይቀራሉ። በ2020 ወረርሽኙ ጉዞን ስለዘጋ 95ኛው ስብሰባ ከኖቬምበር 30 እስከ ዲሴምበር 4 ተገፍቶ በቪዲዮ ተካሄደ። ነባሩ ውሳኔ የሚያበቃው ዲሴምበር 31 ነው። ስለዚህ ስብሰባው ሲዘጋ እስከ ውሳኔው ማብቂያ የነበሩት 27 ቀናት ብቻ ናቸው።

የቪዲዮ ስብሰባ ጊዜን ራሱን ያሳጥራል። በላ ሆያ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን በብራስልስ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው፤ በቶኪዮ ደግሞ የማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት። ሁሉም ነቅቶ ሊሠራ የሚችልበት የጋራ ሰዓት በቀን ጥቂት ነው፤ ከዚያ ላይ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ የሚደረገው ትርጉም ድርሻውን ይወስዳል። በአዳራሽ ቢሆን ሊቀ መንበር ድርድሩ ሲቆላለፍ ዕረፍት ብሎ ተቃራኒዎቹን አንድ ጥግ ላይ ያገናኛል። ረቂቁ በብእር ተሰርዞ ተደልዞ ይመለሳል። በስክሪን ላይ ጥግ የለም። እያንዳንዱ ልዑክ የሚናገረው ለሁሉም እየተሰማ ነው፤ በሁሉም ፊት የተያዘ አቋም ደግሞ በቀላሉ አይለቀቅም።

ዲሴምበር 4 ስብሰባው ሲዘጋ አዲስ እርምጃ ይቅርና ነባሩን ለማራዘም እንኳ መግባባት አልተገኘም። ትርጉሙ ግልጽ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ በዚያ ሰፊ የባሕር ክልል ቢጫ ክንፍ፣ ትልቅ ዓይንና ስኪፕጃክ ቱናን የሚጠብቅ የእገዳ ጊዜም ሆነ የመሣሪያ ገደብ አይኖርም ማለት ነው። ሁለተኛውን የእገዳ ጊዜ መርጠው ወደብ ላይ የቆሙ መርከቦችም ነበሩ። መሠረቱ ዲሴምበር 31 ላይ የሚያልቅ ውሳኔ እስከ ጃንዋሪ 19 ሊያስራቸው ይችላል? እንደ እኔ ንባብ ለሁለቱም ወገን የሚከራከር ጠበቃ አይጠፋም፤ ይህ መሆኑ ብቻውን የአረቃቅ ጉድለት ነው።

ደንቡ ምን ይላል?

በአንቲጓ ኮንቬንሽን አንቀጽ 9 መሠረት ኮሚሽኑ የሚወስነው በስብሰባው ላይ በተገኙ አባላት የጋራ መግባባት ነው። ድምፅ አይቆጠርም። አንድ አባል በግልጽ እምቢ ካለ ውሳኔ የለም። ምልዓተ ጉባኤው ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛ ሲሆን ከ21 አባላት 14 ማለት ነው።

«የተገኙ» የሚለው ቃል የተጻፈው ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው በማሰብ ነው። በስክሪን ላይ ስሙ እየታየ ካሜራው የጠፋ ልዑክ ተገኝቷል? ሊቀ መንበሩ «ተቃውሞ አለ?» ሲል መስመሩ ተቋርጦበት የነበረው አባልስ በዝምታው ተስማምቷል? በመግባባት የሚወስን አካል የሚቆመው በዝምታ ላይ ነው፤ ተቃውሞ ካልተሰማ ተወስኗል ይባላል። በአዳራሽ ውስጥ ዝምታ ፊት አለው፤ ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛውን ይቃኛል። በኢንተርኔት ግን የፈቃድ ዝምታና የመስመር ዝምታ አይለዩም።

ኮንቬንሽኑ ስለ ቀሪ አባላት ጨርሶ ዝም አላለም። እንደ በጀት ላሉ ጉዳዮች የአባላት ሁሉ መግባባት ያስፈልጋል። በእነዚህ ላይ ከስብሰባው ለቀረ አባል ውሳኔው ይላክለታል፤ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ ካልሰጠ እንደተስማማ ይቆጠራል፤ በጽሑፍ ከተቃወመ ውሳኔው ይወድቃል። ጥሩ ሥርዓት ነው። የተሠራው ግን ለተወሰኑ ጉዳዮች እንጂ በተራው የቱና እርምጃ ላይ በስብሰባ መሐል መስመር ለተቋረጠበት ሰው አይደለም።

ሌላም አለ። ውሳኔዎች አባላትን የሚያስሩት ለአባላቱ ከተገለጹ ከ45 ቀናት በኋላ ነው፤ ውሳኔው ሲወሰን ሌላ ቀን ካልተስማሙ በቀር። ከዲሴምበር 4 ጀምሮ 45 ቀናት ሲቆጠሩ ጃንዋሪ 18 ላይ ይደርሳል። ማለትም የመጀመሪያው ስብሰባ ቢሳካ እንኳ የመደበኛው ጊዜ ዓመቱን ተሻግሮ ነበር። ስብሰባውን በወራት መግፋት የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ በሕግ ዓይን ግን የኮሚሽኑን መደበኛ የጊዜ ሥርዓት ከጥቅም ውጭ አድርጎታል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ኮንቬንሽኑ ልዩ ስብሰባ ይፈቅዳል። ቢያንስ ሁለት አባላት ሲጠይቁና አብዛኛው አባል ሲደግፍ ይጠራል። ከዲሴምበር 4 በኋላ የጥበቃ ድርጅቶችም የቱና ኢንዱስትሪ ወገኖችም መግለጫ እያወጡ ኮሚሽኑ ዓመቱ ሳያልቅ እንደገና እንዲሰበሰብ ወተወቱ። የመርከብ ባለቤቶችና ተቆርቋሪዎች በአንድ ድምፅ ሲናገሩ መስማት የተለመደ አይደለም። ገበያው ግን ደንብ ከሌለው ባሕር የወጣ ቱናን በጥርጣሬ ስለሚያይ ለኢንዱስትሪውም ክፍተቱ አትራፊ አልነበረም።

ዲሴምበር 22 ቀን 96ኛው ስብሰባ እንደ ልዩ ስብሰባ ተጠራ፤ እርሱም በቪዲዮ። የተወሰነው ሲ-20-06 በመሠረቱ ነባሩን እርምጃ ለ2021 ማራዘም ነበር።

የሠራው

አጀንዳው መጥበቡ ሠርቷል። 95ኛው ስብሰባ ብዙ ጉዳይ ይዞ ገባ፤ 96ኛው አንድ ጥያቄ ብቻ። ሁሉም የሚያውቀውን ጽሑፍ ለአንድ ዓመት ማራዘም በስክሪን ላይ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው፤ አዲስ ኮታ መደልደል ግን በዚያ መንገድ አይሆንም ባይባልም እጅግ ይከብዳል። ድርድሩ ከስብሰባው ሰዓት ውጭ፣ በዋና ከተሞች መካከል ካለቀ በኋላ ስክሪኑ የሚያገለግለው ለማጽደቅ ነው። ለዚህ ደግሞ በቂ ነው።

ያልሠራው

የኮሚሽኑ ሳይንቲስቶች ሲያሳስቡ የቆዩት በተንሳፋፊ መሣሪያዎች ዙሪያ የሚጣለው መረብ ብዛት መጨመሩ ነው። የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ለዚህ መልስ አይሆንም። መልሱ ወደ 2021 ተላለፈ፤ በዚያ ዓመትም የኦገስቱ የቪዲዮ ስብሰባ ሳይቋጭ ቀርቶ በኦክቶበር መቀጠል ግድ ሆነ። በመጨረሻ የጸደቀው ሲ-21-04 ለ2022 እስከ 2024 የሚሠራ ሆነ። የመሣሪያዎቹን ቁጥር ቀነሰ፤ በዓመት ከ1,200 ቶን በላይ ትልቅ ዓይን ቱና በሚይዙ መርከቦች ላይም ተጨማሪ የእገዳ ቀናት ጣለ። በስክሪን ጠንካራ ውሳኔ አይገኝም የሚሉ ስላሉ ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው። ተገኝቷል፤ ዋጋው ጊዜ ነው።

ድምፅ ቢሰጥስ ኖሮ?

ከዲሴምበር 4 በኋላ ከየአቅጣጫው የሚሰማ አስተያየት ነበር፦ ጥፋቱ የመግባባት ደንቡ ነው፤ ድምፅ በኢሜይል ቢሰጥ ኖሮ በአንድ ሳምንት ያልቅ ነበር። የሌሎች ኮሚሽኖችን ደንብ አጠገቡ ስናስቀምጥ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

የአትላንቲክ ቱና ጥበቃ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን፣ መቀመጫው ማድሪድ፣ በስብሰባዎች መካከል በደብዳቤና በኤሌክትሮኒክ መንገድ ድምፅ የሚሰጥበት ሥርዓት አለው። ለመልስ 40 ቀናት ይሰጣል። መልስ ያልላከ አባል ድምፀ ተዓቅቦ እንዳደረገ ይመዘገባል፤ ለምልዓተ ጉባኤ ግን ይቆጠራል። ይህች ሁለተኛዋ ሐረግ ብልህ ናት፤ ዝም ያለ አባል ውሳኔን በመጥፋት እንዳያሰናክል ታደርጋለች። በ2020 ያ ኮሚሽን ዓመታዊ ስብሰባውን ሰርዞ በደብዳቤ ሲወስን የጠቀመውም ይኸው ሥርዓት መኖሩ ነበር። ያኔም ቢሆን የቀለለው ነባሩን ማራዘም ነው፤ አከራካሪው የሰሜን አትላንቲክ ማኮ ሻርክ እገዳ እስከ ኖቬምበር 2021 ጠብቋል። አሁን 40 ቀናቱን ከዲሴምበር 4 ጀምሮ ቁጠሩ፤ ጃንዋሪ 13። ያም ዓመቱን አያድንም ነበር።

የምዕራብና መካከለኛው ፓስፊክ ኮሚሽን ደግሞ መግባባት ሲጠፋ በሦስት አራተኛ ድምፅ ይወስናል። ድምፁ ግን በሁለት ምድብ ተከፍሎ ይቆጠራል፤ የደሴት አገሮቹን የዓሣ ሀብት ተቋም አባላት በአንድ ወገን፣ ሌሎቹ በሌላ ወገን። በሁለቱም ሦስት አራተኛ መሙላት አለበት፤ በየትኛውም ምድብ በሁለት ወይም ከዚያ ባነሰ ድምፅ ብቻ ሐሳብ አይወድቅም። ይህን በኢንተርኔት ለመቁጠር የሚሠራ ሥርዓት ከስድሳ ሰከንድ የስክሪን ምርጫ በላይ ማወቅ ይኖርበታል። እዚያ በዚያው ወር የሆነው ነገር ግን ከድምፅ ጋር አይገናኝም። በዲሴምበር 2020 በቪዲዮ ሲሰበሰቡ የእነርሱ የቱና እርምጃ የሚያበቃው ዲሴምበር 31 ሳይሆን ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2021 ነበር። ውሳኔዎቻቸው የሚጸኑት ከ60 ቀናት በኋላ ስለሆነ ማብቂያውን ከዓመታዊው ስብሰባ ሁለት ወር ያህል አርቀው አስቀመጡት። ተሰብስበው አራዘሙት። በአንድ ውቅያኖስ ሁለት ዳርቻ፣ በአንድ ወር፣ በአንድ ዓይነት ስክሪን፣ አንዱ ወገን ክፍተት አፋፍ ላይ ቆመ፤ ሌላው አልቆመም። ልዩነቱን የፈጠረው በረቂቁ መጨረሻ ላይ የተጻፈ ቀን ነው።

የድምፅ ብልጫ ራሱ የነገሩ ማብቂያ አለመሆኑንም መጨመር አለብኝ። በሕንድ ውቅያኖስ ቱና ኮሚሽን እርምጃ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጸድቃል፤ አባላት ግን በ120 ቀናት ውስጥ ተቃውሞ ማስገባት ይችላሉ፤ የተቃወመ አይገደድበትም። ተቃዋሚዎቹ ከሲሶ ካለፉ ሌሎቹም አይገደዱም። በፌብሩዋሪ 2023 በሞምባሳ በምስጢር ድምፅ የጸደቀው የተንሳፋፊ መሣሪያዎች ውሳኔ የደረሰበት ይኸው ነው፤ ከአባላቱ ከሲሶ በላይ ተቃውሞ አስገቡበት። በምስጢር ያሸነፈ ውሳኔ በግልጽ ደብዳቤ ተሸነፈ። የድምፅ መስጫ ሥርዓቱ በሸራ የተጋረደ ሣጥንም ይሁን ኮምፒውተር፣ እዚህ ላይ የሚለውጠው ነገር የለም።

ለሌሎች የሚተርፈው

ከሁሉ በፊት የቀን ጉዳይ። የአንድ እርምጃ ማብቂያ ከመጨረሻው ስብሰባ በኋላ፣ ቢያንስ አዲሱ ውሳኔ እስኪጸና በሚፈጀው ጊዜ ልክ መራቅ አለበት፤ ወይም አዲስ እስኪወሰን ነባሩ ይቀጥላል የሚል አንቀጽ ይኑረው። ይህ ሁለተኛው መንገድ ተቃዋሚዎች አሉት። ነባሩ ደንብ የሚመቸው አባል ለመደራደር ምን ይገፋፋዋል ይላሉ፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን ለ12 ወራት ብቻ የሚቀጥል ነባር ደንብ ከባዶ ባሕር ይሻላል ባይ ነኝ።

ቀጥሎ የመገኘት ትርጉም። የዓሣ ሀብት አካላት የሥነ ሥርዓት ደንባቸውን ሲከልሱ በኢንተርኔት መገኘት እንደ መገኘት እንደሚቆጠር በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ አይከብዳቸውም። የሚከብደው ተከታዩ ነው፦ መስመር ሲቋረጥ ምን ይደረጋል? በዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን በ2011 በጀርዚ፣ በ2022 ደግሞ በፖርቶሮዥ የደቡብ አትላንቲክ የዓሣ ነባሪ መጠለያ ሐሳብ ድምፅ እንዳይሰጥበት አባላት ከአዳራሽ በመቅረት ምልዓተ ጉባኤውን አፍርሰዋል። ድርጊቱ ቢያስተችም የሚታይ ነበር፤ ወንበሩ ባዶ ሆኖ በቃለ ጉባኤ ተመዝግቧል። በኢንተርኔት ግን ሆን ብሎ የወጣና ኢንተርኔት የተቋረጠበት አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ ሊቀ መንበሩ ከመወሰኑ በፊት አባላቱን በስም የሚጠራበት፣ የጠፋ ካለ ለተወሰነ ጊዜ የሚጠብቅበት፣ በተመዘገበ የስልክ ቁጥር የሚፈልግበት፣ ከዚያ በኋላ ግን የሚቀጥልበት ደንብ ያስፈልጋል። ምልዓተ ጉባኤ በስብሰባው መክፈቻ ላይ ብቻ ይቆጠር ወይስ በእያንዳንዱ ውሳኔ የሚለውም አስቀድሞ ይወሰን። በጭቅጭቅ መሐል የሚወሰን ከሆነ የሚጠቅመው ወገን ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል።

ውክልናም አለ። አንዳንድ ኮሚሽኖች መዋጮ ያልከፈለ አባል ድምፁን እንዲያጣ ይደነግጋሉ፤ በሕንድ ውቅያኖስ የሁለት ዓመት መዋጮ ያህል ውዝፍ ያለበት አባል ኮሚሽኑ ካልፈቀደለት በቀር ድምፅ አይሰጥም። በአዳራሽ ይህ በጽሕፈት ቤቱ ዝርዝር ይያዛል። የድምፅ መስጫ አገናኝ በኢሜይል ሲላክ ዝርዝሩ በዚያው ሰዓት ትክክል መሆን አለበት፤ በማግስቱ የሚታረም ዝርዝር የወደቀ ድምፅ ያስከትላል። አገናኙ የሚላከውም በውክልና ደብዳቤው ላይ ስሙ ለተጻፈው የልዑክ መሪ እንጂ ለመሥሪያ ቤቱ የጋራ አድራሻ መሆን የለበትም።

በምስጢራዊ ድምፅ ላይ አቋሜ ከብዙዎች ይልቅ ጥብቅ ነው። በጁን 2020 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሌላውን ሥራ በጽሑፍና በዝምታ ሥርዓት ሲያስኬድ የጸጥታው ምክር ቤት ምርጫን ግን ወደ ኢንተርኔት አላወጣም። አምባሳደሮች በተመደበላቸው ሰዓት በየተራ አዳራሽ እየገቡ ወረቀት ሣጥን ውስጥ ከተቱ፤ ኬንያና ጂቡቲ የተፎካከሩበት ሁለተኛ ዙርም በማግስቱ በዚሁ መንገድ ተካሄደ። ኒው ዮርክ ውስጥ ሁሉም አገር ሚሲዮን ስላለው ተቻለ። የዓሣ ሀብት ኮሚሽኖች ይህን ልምድ መውሰድ የሚችሉት በከፊል ነው። ማድሪድ ወይም ለንደን ላይ ኤምባሲዎች ወረቀቱን ሊያደርሱ ይችላሉ፤ የሕንድ ውቅያኖሱ ኮሚሽን በሚገኝበት ቪክቶሪያ ወይም የምዕራብ ፓስፊኩ በሚገኝበት ፖንፔ ግን ብዙዎቹ አባላት ኤምባሲ የላቸውም። እዚያ ያለው አማራጭ የዋና ጸሐፊ ምርጫንና ኮታን የመሰለ የምስጢር ጉዳይ ሁሉም በአካል እስኪገናኝ ማቆየት ነው፤ ካልተቻለም ምስጢሩን ትቶ በስም ጥሪ ድምፅ መስጠት።